ከሩቅ የሚመጡት ኳሶች፦ ስምንት ቀን በኦስሎ

ከኦስሎ ስመለስ የትምህርት ቤታችን ባልደረቦች ከበው ያዙኝ። «እስኪ ምን አየሽ?» አሉኝ። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ወደቡ እንዳወራላቸው ጓጉተው ነበር። ወደቡን አንድ ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ቤተ መንግሥቱን ግን ጭራሽ አላየሁትም። ከስምንቱ ቀን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከበረዶ ሜዳ አጠገብ ባለ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። ይህንን የምጽፈው ለእነሱና እንደ እነሱ ወደዚያ አገር መሄድ ለማይገጥማቸው ሰዎች ነው። ስለ ከተማው ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ሊዲያ ግን ያየሁትን አንድም አላስቀርም።

ስሜ ወርቅነሽ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ለብዙ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነኝ። የልጆች ውጤት ሁሉ በእጄ ያልፋል። «ወርቅነሽ ጋ ልመና አይሠራም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ታናሽ ወንድሜ መስፍን እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ኦስሎ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ባለቤቱ ሂሩት በአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነርስ ናት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሊዲያ፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቪዛዬ ተሳካና ተነሳሁ።

መስፍን «ባዶ እጅሽን ነይ፣ ሁሉም አለ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን በርበሬውንም፣ ሽሮውንም፣ አራት ኪሎ ቡላም ቋጠርኩ። ሐሙስ በሌሊት ከሆሳዕና በሚኒባስ ወጣሁ፤ ከአዲስ አበባ በረርኩ፤ መሃል ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ኦስሎ ስገባ ጉምሩክ ላይ አንድ ጢሙ ቀይ የሆነ ወጣት ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ቡላዬን አወጣ። ነጭ ዱቄት፣ በላስቲክ የታሰረ፣ አራት ኪሎ! ፊቱ ተለወጠ። እኔም የሚያስበው ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። በእንግሊዝኛ «የእንሰት ዱቄት» ማለት ጠፋኝ። በመጨረሻ በምልክት፣ በአንድ እጄ ድስት ይዤ፣ በአንድ እጄ እያማሰልኩ፣ ቀምሼ፣ ሆዴን አሸሁለት። ሰውየው ለአፍታ አየኝና «ግረት?» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ «አዎ! ግረት!» አልኩ። ለካ ገንፎ ማለት ነው። ጥቂቱን በማሽን መርምሮ፣ እየሳቀ እሱ ራሱ መልሶ አሰረልኝ። ወንድሜ በሩ ላይ አቅፎኝ ሲያለቅስ እኔ ገና ከቡላው ድንጋጤ አልወጣሁም ነበር።

ሰዓቴ ዐሥር ሰዓት ይላል፤ ውጭው ግን ድቅድቅ ብሏል። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት እየተንጫጩ ወደ ቤት የሚገቡበት ፀሐይ ነው። ቤታቸው ቫይትቬት በሚባል ሰፈር፣ ረጃጅም ሕንፃዎች በተደረደሩበት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ብገባ ወዲያው ተመልሼ ወጣሁ። ሁለት ትልልቅ ነገሮች እንደ ጥጃ ገንዳው ውስጥ ተጋድመዋል፤ ሽታውም የጥጃ ነው።

«የሊዲያ የእግር መከላከያ ነው እትዬ፣ እየደረቀ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች ሂሩት እያፈረች። ሂሩት እርስዎ ትለኛለች። ሊዲያ ግን «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ ለእሷ እርስዎ የሚባለው ነገር በቤተ ክርስቲያን የሚሰማ የሽማግሌ ቋንቋ ነው። አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሊዲያ የአይስ ሆኪ በረኛ ናት። በበረዶ ላይ በብረት ምላጭ ጫማ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ነው። የሚመቱት ነገር እንደ ትንሽ አምባሻ ክብ ሆኖ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ጎማ ነው። ፓክ ይሉታል፤ እኔ ስምንቱንም ቀን ኳስ እያልኩት ነው የተመለስኩት፤ እዚህም ኳስ እለዋለሁ።

ራት ታኮ ነበር፤ ሥጋና ቲማቲም በቂጣ የሚጠቀለልበት። ዓርብ ማታ በኖርዌይ ቤት ሁሉ ታኮ ነው የሚበላው አሉኝ። በእኛ ሰፈር ዓርብ ጎረቤቶቼ ይጾማሉ፤ እኔ ጴንጤ ብሆንም ዓርብ ሥጋ ስበላ መስኮት እዘጋለሁ። እዚህ መስኮት መዝጋት አያስፈልግም፤ ብርዱ ራሱ ዘግቶታል። ገና ሁለተኛውን ስጠቀልል የሊዲያ ስልክ ጮኸ። አየችውና ፊቷ ጠቆረ።

«ምንድን ነው?» አለ መስፍን።

«የሩአር ስታቲስቲክ።»

ሩአር አሠልጣኛቸው ነው፤ ሥራው መሐንዲስ ሲሆን ልጆቹን የሚያሠለጥነው በነፃ ነው። በየጨዋታው እያንዳንዱን ምት ይመዘግብና በየሳምንቱ ለወላጆች ይልካል። ቡድኑ ሁለት በረኞች አሉት፤ ሊዲያና ማቲልደ የምትባል ልጅ። በመጪው ማክሰኞ ከሁለቱ የዓመቱ አንደኛ በረኛ ማን እንደምትሆን ሊነገር ነው።

«ሰውየው የሚያየው ኮምፒውተሩን ነው፤ ልጄን አይቷት አያውቅም» አለ መስፍን። «እኔ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም። በዓይኔ አይቻታለሁ። እንደ ድመት ነው የምትዘለው! ወረቀት ምን ያውቃል?»

«እስኪ አሳዪኝ» አልኳት። መነጽሬን አደረግሁ። ቋንቋውን ባላውቀውም ሠንጠረዥ ምንጊዜም ሠንጠረዥ ነው። ማቲልደ ከመቶ ምት ዘጠና አንዱን አድናለች፤ ሊዲያ ሰማንያ አራቱን። የተጫወቱት እኩል ነው፤ የተመታባቸውም ተቀራራቢ ነው።

«መስፍኔ፣ ሰባት ቀላል ልዩነት አይደለም» አልኩ፣ እንደ ቢሮዬ። «ማርክ ነው። ማርክ ደግሞ አያዳላም።»

ሊዲያ ስልኳን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደች። «ያ፣ አክስቴ» አለች፤ ያ ማለት እዚያ አዎ ነው። «አውቃለሁ።» ተነሥታ ሄደች። ቤታቸው ከገባሁ ሦስት ሰዓት አልሞላኝም፤ የመጣሁባትን ልጅ አስቀየምኩ። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው። ልተኛ ስገባ ትራሱ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አስቀምጣልኝ አገኘሁ። ያ ካልሲ ከስድብ የባሰ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ አይብ ቀረበልኝ። አይብ ሲሉኝ የእኛን ነጩን፣ ከጎመን ጋር የሚቀርበውን ጠብቄ ነበር፤ ይሄኛው ቡናማ ነው፣ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፣ በቢላ ሳይሆን በመላጊያ ይላጋል። መላጊያውን ተለማመድኩና የሊዲያን ልምምድ ለማየት ተከትያቸው ሄድኩ። መታረቂያ ፈልጌ ነው።

ከአዳራሹ በር ለመድረስ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ እግሮቼ ወደ ሰማይ ሄዱ። መሬቱ እንደ መስተዋት ነበር። መስፍን እነዚያ ጥጃዎች ያሉበትን ሻንጣ ተሸክሞ ቀድሞኝ ስለነበር አላየኝም። ያነሣችኝ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ክንዷ የገበሬ ክንድ የሆነች ሴት ናት። ብዮርግ ትባላለች። የእሷም እንግሊዝኛ እንደ እኔው ሰባራ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ከቦርሳዋ ጎማ ላይ የተሰካ የብረት እሾህ አወጣች፤ ከጫማ ሥር የሚታሰር ነው። ተንበርክካ ለእኔ አሰረችልኝ! በእኛ አገር በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት እግሬ ሥር ብትንበረከክ ሰፈሩ ይነሣብኝ ነበር።

«እኛ አሮጊቶች ጥርስ ያስፈልገናል» አለችኝ፣ ወደ ጫማዬ እያመለከተች። ውስጥ ስንገባም ከአግዳሚው ላይ የምትቀመጥበትን የስፖንጅ ምንጣፍ ከፍላ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ወላጆች በተራ የሚጋግሩትን፣ ቫፈል የሚባል ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ ገዝታ ጋበዘችኝ። ቫፈሉን የሚጋግሩት ደመወዝ የላቸውም፤ ዱግናድ ነው ይሉታል። ነገሩን ሲያስረዱኝ «ይሄማ የእኛው ደቦ ነው» አልኩ፤ ልዩነቱ ጠላ የለውም።

ሊዲያ ያንን ሁሉ ልብስ ለብሳ ስትወጣ በር የምትጠብቅ ሳይሆን ራሷ በር የሆነች ትመስላለች። ፊቷ በብረት ፍርግርግ ተሸፍኗል። ከፊቷ ሦስት አራት ልጆች ተሻምተው ሲመቱ ወንድሜ እውነቱን ነው፤ ድመት ናት። በእግሯ፣ በደረቷ፣ በክርኗ ትመልሳለች፤ ወድቃ ትነሣለች፤ ደግሞ ትመልሳለች። ቀጥሎ አንዷ ከሩቅ ልትመታ ስትነሣ፣ ደስታዬን ለወንድሜ ላካፍለው ዞር ብል ዓይኑን ጨፍኗል።

«መስፍኔ! ምነው ጨፈንክ?»

«አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሃል።»

ወዲያና ወዲህ አየ። «እትዬ፣ ለሂሩት እንዳትነግሪያት። ያ ነገር ከሩቅ ሲመጣባት አልችልም፤ ልቤ ይቆማል። ከደረሰ በኋላ ነው የምከፍተው።»

«ታዲያ በዓይኔ አየሁ የምትለው?»

«ሲረባረቡባት አያለሁ። ያኔ ለመጨፈንም ጊዜ የለም።»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ብዮርግም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሐበሾቹ ጉባኤ ከኖርዌጂያኖች በተከራየው አዳራሽ ነው የሚሰበሰበው። ሽማግሌው ስለ መንገደኞች ሲጸልዩ ስሜን ጠሩልኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጨዋታ ስንሄድ የዕለቱ መርሐ ግብር የታተመበት ወረቀት በእጄ ቀርቶ ነበር። የሥራ ልማድ ነውና ጀርባውን ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንድ በኩል ከቅርብ የተመቱትን፣ በሌላው ከሩቅ የተመቱትን በእስክሪብቶ መጫር ጀመርኩ። የገቡባትን ከበብኩ።

አራት ገቡባት። አራቱም ክብ በአንድ በኩል ነው የወደቀው፤ ከሩቅ በኩል። ከቅርብ አንድም የለም።

ይሄ እንዴት ይሆናል? የቅርቡ እኮ ነው የሚከብደው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትቼ እሷን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ኳሱ ሜዳው ማዶ ሲሆን አንገቷን ወደ ግራ ዘመም ታደርጋለች፤ አገጯን ወደ ፊት ትገፋለች፤ እንደዚያ ሆና ትቆያለች። ኳሱ ሲቀርብ አንገቷ ይቃናል። ያንን አንገት የት ነው የማውቀው? አልኩ።

የዛሬ ስንት ዓመት ዘነበች የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ የኋለኛው ወንበር ላይ። ሒሳቧ በየወሩ ይወርድ ነበር። እኔ በካርዷ ላይ «ትኩረት ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አዲስ የመጣ ወጣት መምህር ከፊት ወንበር አስቀመጣትና በወሩ ሌላ ልጅ ሆነች። ሰሌዳው አይታያትም ነበር። አንገቷን ወደ ግራ አዘምማ ስታየኝ ዓመት ሙሉ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ይህን እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ቡድኑ ተሸነፈ። በመኪና ስንመለስ መስፍን ነደደ። «ማክሰኞ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። የቆዳችን ነገር ነው እትዬ። አንቺ አታውቂውም፤ እኔ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

አይደለም አላልኩትም። የኖረበት እሱ ነው። ከኋላ ወንበር ሊዲያ፣ «አባዬ፣ ስቶፕ!» አለች። «ያይ ስሉተር።» አቆማለሁ፣ ሆኪውን እተዋለሁ ማለቷ ነው። ሂሩት እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የልጇን ጉልበት ያዘች። ያኔውኑ ልናገር ፈለግሁ፤ ግን አንድ ጊዜ በችኮላ ፈርጄባታለሁ። አጣርቼ ልናገር ብዬ ዝም አልኩ።

ሰኞ ከትምህርት መልስ ሊዲያ ቶየን ወደሚባለው የሱቅ ሰፈር ልትወስደኝ ተስማማች፤ ከሱቆቹ ውስጥ የሐበሻ ዕቃ የሚሸጡም አሉ። ቫይትቬት የባቡር ጣቢያ ላይ ቆመን፣ ከመድረኩ ጫፍ ሰዓት የሚያሳየውን የመብራት ሰሌዳ አየሁት።

«ባቡራችን መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት።

ስልኳን አወጣች።

«ከሰሌዳው ላይ አንብቢልኝ እንጂ።»

«ኔይ አክስቴ» አለች፤ ኔይ አይ ማለት ነው። «እሱን እኮ ከዚህ ማንም አያነበውም። ሰው ሲቀርበው ነው የሚነበበው።»

እኔ መነጽር የማደርገው ለቅርብ ብቻ ነው፤ የሩቁን እንደ ጭልፊት ነው የማየው። ቋንቋውን ስለማላውቅ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ መጨረሻ ላይ፣ «ሦስት ደቂቃ ይላል» አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች። ፊቴን አየችኝ፣ ሰሌዳውን አየች፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘመመ።

«ታዪዋለሽ?» አለችኝ።

«አየዋለሁ የኔ ልጅ።»

«ሁሉም ሰው ያየዋል?»

ባቡሩ መጣ፤ ሄደም። አልተሳፈርንም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ እጇን እንደያዝኩ፣ የሆነውን ነገረችኝ። ዓለም ከተወሰነ ርቀት በኋላ ለሰው ሁሉ የሚደበዝዝ መስሏት ነው የኖረችው። ቀስ በቀስ ስለመጣ ልዩነቱን አላወቀችውም። ትምህርት ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ስለሆነ የሰሌዳ ጣጣ የለባቸውም። ከሩቅ የሚመጣውን ኳስ የምታውቀው ግማሽ መንገድ ከመጣ በኋላ ነው። «ሌሎቹ ከእኔ የሚፈጥኑ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። ስለ ዘነበች ነገርኳት። በካርዷ ላይ የጻፍኩትንም አልደበቅሁም።

ማታ ለወላጆቿ ስትነግራቸው ሂሩት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «በየቀኑ የስንቱን ሽማግሌ መነጽር ስጠርግ እውላለሁ» አለች። «የገዛ ልጄን!» ሊዲያ እናቷን ስታባብል አመሸች።

ማክሰኞ ሂሩት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስታችን ወደ መነጽር ሐኪም ሄድን። የምርመራው ነገር ቶሎ አለቀ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ሩቅ አያዩም፣ የቀኙ ይብሳል። ያላለቀው በመነጽር ፋንታ የሰጧትን ትንሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ መክተት ነው። ጣቷ ሲቀርብ ዓይኗ ይጨፈናል። ያንን ሁሉ ጎማ በግንባሯ የምትመልስ ልጅ በገዛ ጣቷ ፈራች። ከብዙ ሙከራ በኋላ ገባ። ቀና አለችና በመስኮቱ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዛፍ አየች። «ቅርንጫፎቹ ቀጫጭኖች ናቸው እኮ» አለች በቀስታ። ሂሩት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ማምሻውን አሠልጣኙ ጋ ሄድን። መስፍን እንደማይጮህ አስምለነዋል። ሩአር ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ሂሩት ታስተረጉምልኝ ነበር። የሜዳውን ሥዕል ከፈተልን፤ ምቶቹ ሁሉ በነጥብ ተቀምጠዋል፣ የገቡት በቀይ። ቀዮቹ ሁሉ ከሩቅ ነው። እኔም የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ገልብጬ አጠገቡ አኖርኩት። አንድ ሆነ። ሰውየው ጭረቴን ከነጥቦቹ ጋር በጣቱ አንድ በአንድ አመሳከረ። ስለ ሌንሱ ሂሩት ስትነግረው ራሱን ያዘ።

«ይህንን አይቼው ነበር» አለ። «ትኩረት የሚጎድላት መስሎኝ ነው።»

ቃል በቃል የእኔው ቃል! ልቆጣው የመጣሁ ሴት አዘንኩለት። «እኔም ጽፌዋለሁ በዪው» አልኳት ሂሩትን። መስፍን ደግሞ ፊቱ ቀልቶ፣ ወለሉን እያየ፣ «እኔም የሩቁን አላየሁም» አለ። «እጨፍናለሁ።» ሂሩት ይህንን አልተረጎመችም፤ አፏን ይዛ ቀረች። ሊዲያ ተረጎመችው። ሩአር መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ እስኪያነባ ሳቀ፤ የእሱም አባት እንዲሁ ነበር አለን።

ቢሆንም ውሳኔው አልተለወጠም። ማቲልደ አንደኛ በረኛ መሆኗን ከትናንት ወዲያ ነግሯታል። «የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም። ሊዲያ ሁለተኛ ናት፤ ከገና በኋላ ግን እንደገና አያለሁ። በሁለቱም መንገድ፣ በቁጥሩም በዓይኔም» አለ። መስፍን አንገቱ ሥር ደም ሥሩ ሲነሣ አየሁ። ሊዲያ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች።

«ዴት ኤር ግሬይት፣ አባዬ» አለች፤ ይሁን፣ ችግር የለም ማለቷ ነው። «ማቲልደ እኮ ጎበዝ ናት። ስትጫወት አይተሃታል?»

አላየም። እኔም ልብ ብዬ አላየኋትም። ስንወጣ በሩ ላይ ብዮርግን አገኘኋት፤ አንዲት ረጅም፣ ባለ ነጭ ጸጉር ልጅ ክንዷን ይዛታለች። «የልጅ ልጄ ማቲልደ» አለችኝ በኩራት። የምገባበት ጠፋኝ። እሑድ ዕለት ያቺ ልጅ በሊዲያ ፈንታ በሩ ላይ በገባች ቁጥር እንድትስት በልቤ ስመኝ ነበር፤ የአያቷን እሾህ ተጫምቼ፣ በአያቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ! ልጅቱን ሳብ አድርጌ ጉንጯን ሳምኳት። ግራ ገባት፤ ብዮርግ ግን ደስ አላት።

ረቡዕ በሌንስ የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። ሁላችንም ተአምር ጠብቀን ሄድን። የባሰ ገባባት። ሁሉ ነገር ቀርቦ ይታያታል፤ ያለጊዜው ትዘላለች፤ አንዴማ ኳሱ ገና ሳይመታ ወደቀች። መስፍን ዓይኑን ከፍቶ ማየት የጀመረው በዚያ ቀን ስለሆነ በጣም ተጎዳ። እሷ ግን ስትወጣ ትስቅ ነበር። «አክስቴ፣ ማስታወቂያዎቹ ላይ ጽሑፍ አለ!» አለችኝ። በሜዳው ዙሪያ ያሉትን ሰሌዳዎች ማለቷ ነው። ቀለም ብቻ መስለዋት ነበር የኖሩት።

ሐሙስ ከልምምዱ በፊት ለብቻችን ስንሆን ቡላዬን ገንፎ አድርጌ አቀረብኩላት። ለአፏ ገና አዲስ ቢሆንም በትዕግሥት በላች። «የዓርቡን ይቅር በዪኝ» አልኳት። «ማርክ አያዳላም ያልኩሽን።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኔይ፣ ማርኩ እኮ ልክ ነበር አክስቴ። በደንብ አልያዝኩም ነበር። ግን ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔም ራሴ።»

በዚያ ቀን ልምምዱ ሲያልቅ ሩአር ኮምፒውተሩን አግዳሚው ላይ ትቶ ራሱ በረዶው ላይ ወጣ። ከሜዳው መሃል ቆሞ መታባት። አንዱ ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛው ሲመጣ እኔም ወንድሜን ሆንኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት «ጠብ» የሚል የቆዳ ድምፅ ነው። ስከፍት ጓንቷን ወደ ላይ አንሥታ ቆማለች፣ ኳሱ ውስጡ አለ። አንገቷ ቀጥ ብሏል። መጀመሪያ ያጨበጨበችው ብዮርግ ናት። ማቲልደ በበረዶው ላይ ተንሸራትታ መጥታ የሊዲያን የእግር መከላከያ በዱላዋ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች፤ በረኞች እንደዚያ ነው የሚመራረቁት። ይህንን እስክጽፍ ድረስ ሊዲያ ሁለተኛ በረኛ ናት። ልምምድ ቀርታ አታውቅም አሉኝ። መስፍን ደግሞ ማቲልደ ስትጫወትም እየሄደ ያያል።

ዓርብ ጠዋት ወንድሜና ሂሩት ሥራ ስለነበራቸው በር ላይ ተላቅሰን ተለያየን። ብዮርግ እሾሁን አልቀበልም ስላለች ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ሆሳዕና ላይ ምን እንደማደርግበት እግዜር ይወቅ። ሊዲያ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ እስከ አየር ማረፊያው ሸኘችኝ። በባቡሩ መስኮት የምታየውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች፤ የሱቅ ስም፣ የጣቢያ ስም፣ በአጥር ላይ የተጻፈ ክልከላ። አንብባ ትተረጉምልኛለች። ተሳፋሪው ዝምተኛ ሕዝብ ስለሆነ ዞር ዞር እያለ ያየናል። እኔ ምን ቸገረኝ! ፊደል የቆጠረ ልጅ ይዤ የምሄድ ያህል ኮራሁ።

አየር ማረፊያው ውስጥ ከትልቁ ሰሌዳ ላይ በረራዬን ከሩቅ አነበበችልኝ። ከመፈተሻው በር ላይ ስንደርስ ከዚያ ወዲያ እንደማትገባ ነገሩን። አቀፈችኝ። «አክስቴ፣ ፊትሽ ላይ ብዙ መስመር አለ» አለችኝ ከቅርብ እያየችኝ፤ በዚህች ዕድሜዋ በቅርብም ዘልቃ ታያለች።

ሰልፉ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ሩቅ ወሰደኝ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ አጠለቅሁ፣ ቦርሳዬን ሰበሰብኩ። ከመስተዋቱ ማዶ ሰው ተጨናንቋል፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ሄዳ ሊሆን እንደሚችል አውቄ፣ እንዲሁ ለራሴ ያህል፣ እጄን እስከ ትከሻዬ ድረስ ብቻ አነሣሁ።

ወዲያው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ኋላ፣ እጇን አነሣች።